ቆዳው ሲጠራ ጉበቱን ማን ያያል?

ሶሪያሲስ ተላላፊ ያልሆነ የቆዳ ሕመም ነው። ጤነኛ ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ሲፈጅበት፣ የታመመው ቦታ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል። ያልበሰሉ ሴሎች ላይ ላዩን ይከመሩና ቅርፊት ይሠራሉ። እሺ፣ ይሄ የቆዳ ጉዳይ ነው። ታዲያ ሐኪሙ ስለ ጉበት የሚጠይቃችሁ ለምንድን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከካንሰር መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር የደም ካንሰር ላለባቸው የቦስተን ሕፃናት አሚኖፕተሪን ሰጥቶ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። መድኃኒቱ ሴሎች ለመባዛት የሚፈልጉትን የፎሌት ቫይታሚን ሥራ ያግዳል። በ1951 ጋብነርና ባልደረቦቹ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲሞክሩት ያልጠበቁትን አዩ፦ ሶሪያሲስም ይጠራል! በ1958 ደግሞ ኤድመንድሰንና ጋይ የአሚኖፕተሪንን የቅርብ ዘመድ፣ ሜቶትሬክሴትን፣ ለሶሪያሲስ መጠቀማቸውን ጻፉ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ያኔ ብዙዎች በየቀኑ ይወስዱት ነበር፤ አንዳንዶቹ ጉበት ላይ ጠባሳ መታየት ጀመረ። ክፋቱ ደግሞ ጉበት ቶሎ አይታመምም፤ ጠባሳው ለዓመታት ሲከማች ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል።

በ1971 ዋይንስታይንና ፍሮስት ሌላ ሰሌዳ አቀረቡ፦ በሳምንት አንዴ ብቻ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት ሦስት ጊዜ ተከፍሎ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተቀየረው ሰዓቱ ነው። ጉበት በመሃል ፋታ ያገኛል። እኔ ምህንድስና ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ይሄ ሁሌም ይገርመኛል። ዛሬም ዋናው ሕግ ሳምንታዊነቱ ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል።

ክትትሉስ? የወሰዱት ጠቅላላ መጠን 1.5 ግራም ሲደርስ በጎድን አጥንቶች መካከል መርፌ ገብቶ ከጉበት ቁራጭ ይወሰድ ነበር። በሳምንት 15 ሚሊግራም ብትወስዱ 100 ሳምንት ማለት ነው። ቁራጯ የጉበቱ 50,000ኛ ክፍል ገደማ ናት፤ በዚያ ላይ ያማል፣ አልፎ አልፎም ያደማል። ቆይቶ ግን ጠባሳው በብዛት የሚታየው የሚጠጡ፣ ውፍረት ወይም ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ መሆኑ ተስተዋለ። ሁሉንም ጥፋት መድኃኒቱ ላይ መጫን ልክ አልነበረም። በ2009 የአሜሪካ ባለሙያዎች ሌላ ስጋት ለሌለበት ሰው ገደቡን ከ3.5 እስከ 4 ግራም አደረጉት። ከመድኃኒቱ ጋር ፎሊክ አሲድ መስጠትም የጉበት ኢንዛይም መጨመርን ይቀንሳል።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። በ2003 ፈረንሳዊው ሎራን ሳንድራንና ባልደረቦቹ የጉበትን ጥንካሬ ያለ መርፌ መለካት እንደሚቻል አሳዩ። መሣሪያው ቆዳችሁን በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚርገበገብ ምት መታ ያደርጋል፤ ከዚያ አልትራሳውንድ ንዝረቱ በጉበት ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት ይከታተላል። ለስላሳ ጉበት ውስጥ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.3 ሜትር ገደማ ነው። ጠባሳ ሲኖር ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ጥንካሬው አራት እጥፍ ሆኗል። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ሆድ ውስጥ ውኃ ከቋጠረ ግን ንዝረቱ አያልፍም፤ በጣም በወፈረ ሰው ላይም ንባቡ አንዳንዴ አይያዝም። ያኔ መርፌው ሊመለስ ይችላል።