ወንዝና ዳገት በሰፈራችን ኑሮ ላይ

ስለ አዲስ አበባ አመሠራረት ሲወሳ የሚነገረው የነገሥታቱና የመኳንንቱ ሥራ ነው። መሬቱም የራሱን ሥራ ሠርቷልና ስለዚያ ጥቂት ልበል።

ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ለጥበቃ ደኅና ነው፤ ለኑሮ ግን አይጣል! ብርዱና ነፋሱ አያስቀምጥም፣ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። ታዲያ ሰዉ ፍል ውሃ ለመታጠብ ቁልቁል መውረድ ለመደ። በ1879 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣይቱ (እቴጌ የተባሉት ኋላ ነው) ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት።

ከተማው ሲሰፋ ደግሞ እዚህም እንጨት አለቀ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ ተጀምሮ ነበር። ነገሩን ለማስቀረት ብዙ የረዳው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ቢቆርጡትም ያቆጠቁጣል። የአዲስ ዓለሙ ግቢ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህን ስናነሣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ከእንጦጦ ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች አለመርሳት ነው፤ ከተማው እንጀራ የጋገረው በእነሱ ጀርባ ነው።

ወደ ሰፈር ነገር እንምጣ። መኳንንቱ በየጉብታው ላይ ግቢያቸውን ሠሩ፣ ጭፍራቸው ዙሪያውን ሰፈረ። በመካከሉ እነ ቀበና፣ እነ ግንፍሌ፣ እነ ቀጨኔ ይወርዳሉ። እነዚህ ሁሉ ተጠራቅመው አቃቂ፣ ከዚያም አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ዝናባችን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ በበጋ በእርምጃ የሚታለፈው ወንዝ ክረምት ሲገባ ድልድይ በሌለበት ሰውን ከሰው ይለያል።

እንደ እኔ አስተያየት ዕድርም ሰፈር ለሰፈር የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የጡሩንባው ድምፅ ከሸለቆው ማዶ እንደ ልብ አይሰማም። ድንኳንና ቋሚ እንጨት በትከሻ ተሸክሞ ያንን ጭቃ ዳገት መውጣት ቀላል አይደለም። ለቅሶ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ስለዚህ ከወንዝ ማዶ ካለ ዘመድ ይልቅ ከአጥር ማዶ ያለ ጎረቤት ቀድሞ ደረሰ።

አሁን ወንዝ ዳር ያለው ኑሮ እየተቀየረ ነው። አስፋልቱና ሲሚንቶው ስለበዛ ውሃው መሬት ሳይጠጣው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ወንዙ አፋፍ ላይ የሚያድሩ አባሎቻችን ሐምሌና ነሐሴን በሥጋት ያሳልፋሉ። በልማት ምክንያት የተነሡትም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ግማሾቹ ወርሐዊ መዋጮአቸውን ሳያቋርጡ፣ ለቀብር ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ቀሪዎቹ በደረሱበት አዲስ ዕድር ገብተዋል፤ አይፈረድባቸውም። ጥሪውም ዛሬ በስልክ ሆኗል። ድንኳኑ በአይሱዙ ይጫናል፤ ከወንዙ በታች ላሉት ቤቶች ግን መኪና ስለማይገባ እስከ ዛሬ የሚወርደው በትከሻ ነው።