የሳምባ ሰርቨር እና የሰባት ዓመቱ ስሕተት
ሳምባ የተባለው የክፍት ምንጭ ፋይል ማጋሪያ ሰርቨር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1992 ካንቤራ ውስጥ፣ በተማሪው አንድሩ ትሪጅል እጅ ነው። የፋይል ማጋሪያው ሥርዓት መመሪያ ሰነድ ስላልነበረው በኔትወርኩ የሚያልፈውን መልእክት እያየ አሠራሩን ደረሰበት። የሳምባ አዘጋጆች ይህን ሥርዓት የሚያብራሩትን የማይክሮሶፍት ሰነዶች ያገኙት በ2007፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውሳኔ በኋላ ነበር።

በሜይ 2017 ግን ከ2010 ጀምሮ በኮዱ ውስጥ ተደብቆ የኖረ አደገኛ ስሕተት ይፋ ሆነ። ፋይል የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሰው ጎጂ ፕሮግራም ጭኖ ሰርቨሩ ራሱ እንዲያስኬደው ማድረግ ይችል ነበር፤ ያኔ የሌሎች ተጠቃሚዎች የግል ፋይል ሁሉ ይጋለጣል። እርማቱ በሚያስገርም ሁኔታ ጥቂት መስመር ብቻ ነው፦ ደንበኛው ኮምፒውተር በሚጠራው ስም ውስጥ እዝባር (/) ከተገኘ ጥያቄው ውድቅ ይደረጋል። አስቸጋሪው እርማቱን ማዳረስ ነበር፤ ሳምባ በየቤቱ ባሉ አነስተኛ የፋይል ማከማቻዎች ውስጥም ስለሚሠራ፣ ባለቤቶቹ የአምራቾቹን ማሻሻያ መጠበቅ ነበረባቸው።