ብልሁ ሰሌዳና የልጃችን አንደበት

በቅርቡ ወደ ሃይፋና ወደ አካባቢዋ ለገባችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለአገራችሁ አበቃችሁ።

ዛሬ የምናነሣው ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ሉዋሕ ሐካም» እያሉ ስለሚጠሩት ነገር ነው። በአማርኛ ብልህ ሰሌዳ ልንለው እንችላለን። ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ ሥዕልና ጽሑፍ የሚያሳይ፣ በጣት ሲነኩት የሚታዘዝ ሰሌዳ ነው። መምህሯ የፖም ሥዕል ታወጣለች፤ ልጁ ተነሥቶ «ታፑዋሕ» የሚለውን ቃል በጣቱ እየጎተተ ከሥዕሉ ሥር ያኖረዋል።

ብዙ ወላጆች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው መሣሪያው ያስተምራቸዋል፤ እኛ ዕብራይስጥ የማናውቀው ምን እንረዳለን?» ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ልጁንም ወላጁንም ይጎዳል። ለምን እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ይነግረናል።

ከአገር ቤት እንጀምር። በፊደል ገበታ የተማረ ልጅ ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ይል ነበር። ዓይን ያያል፣ እጅ ይነካል፣ አፍ ይናገራል፣ ጆሮ ይሰማል። ሲሳሳትም አጠገቡ ያለው መምህር ያርመዋል። ብልሁ ሰሌዳ የሚጠቀመው በዚሁ የቆየ ዘዴ ነው።

ዕብራይስጥም ቢሆን ከብዙ ዘመን በኋላ የዕለት መነጋገሪያ የሆነው በቤትና በክፍል ውስጥ፣ ቃል በቃል እየተለመደ ነው። ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ፣ ዕብራይስጥ የጸሎትና የመጻሕፍት ቋንቋ እንጂ እናት ልጇን የምታባብልበት አልነበረም። ለመዝገበ ቃላት «ሚሎን»፣ ለአይስክሬም «ግሊዳ» የሚሉትን ቃላት ያወጣው እርሱ ነው። ከኖረባቸው ቤቶች አንዱ የሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ባለበት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው የኢየሩሳሌም መንገድ ላይ ነው።

በእኛ ከተማ በሃይፋ ደግሞ ትልቅ ክርክር ተነሣ። በ1913 ሊከፈት በዝግጅት ላይ የነበረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳይንስን በጀርመንኛ እንዲያስተምር ተወሰነ። ዕብራይስጥ ለሳይንስ የሚበቃ ቃል የለውም የሚሉ ነበሩ። መምህራንና ተማሪዎች ግን አድመው ተቃወሙ፤ በ1914 መጀመሪያ ላይ ውሳኔው ተለወጠ። ያ ትምህርት ቤት፣ ቴክኒዮን፣ በ1924 ሥራ ሲጀምር በዕብራይስጥ አስተማረ። አሮጌው ሕንፃ በሃዳር ሰፈር አለ፤ ዛሬ ማዳቴክ የሚባል የሳይንስ ሙዚየም ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ። «ቃል የለውም» ተብሎ የተናቀው ቋንቋ ዛሬ ሐኪምና መሐንዲስ ይማሩበታል። ስለ ልጃችሁም «ቃል ይጎድለዋል» ሲባል ብትሰሙ አትደንግጡ። ቃል ማጣት አእምሮ ማጣት አይደለም። በ1955 እና በ1956 ከኢትዮጵያ ወደ ክፋር ባትያ የመጡት 27 የቤተ እስራኤል ልጆች ዕብራይስጥን የተማሩት ያለ አንዳች ብልህ ሰሌዳ ነው። ከእነርሱም መካከል ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ወገናቸውን ያስተማሩ አሉ።

ስማርት ቦርድ የተባለው ሰሌዳ በካናዳ የወጣው በ1991 ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገቡ። የዚያን ጊዜ ልጆች በጠመኔና በደብተር ተማሩ። የእስራኤል ትምህርት ሚኒስቴር ኮምፒዩተርና የሥዕል ማሳያ በየክፍሉ ለማስገባት ሰፊ ፕሮግራም የጀመረው ከ2010 ወዲህ ነው።

ከእናንተ መካከል በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፕላዝማን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የገባው ያ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ብልሁ ሰሌዳ በዚህ ይሻላል፤ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይጠብቃል። ነገር ግን አንዱ ልጅ ሲነካው የቀሩት ተመልካች ናቸው። አዲስ የመጣው ዓይን አፋር ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ከዋለ፣ ሰሌዳው ለእርሱ ያው ፕላዝማ ነው። እኛ ልጆቻችንን በታላቅ ፊት ዝም እንዲሉ አድርገን አሳድገናል። ይህ ጨዋነት ነው፤ እዚህ ግን መምህሯ ዝምታውን እንደ አለማወቅ ልትቆጥረው ትችላለች።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እንመክራችኋለን። አንደኛ፣ በወላጆች ስብሰባ «ልጄ ወደ ሰሌዳው ይወጣል ወይ? ድምፁ ይሰማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አማርኛና ዕብራይስጥ የሚችል ሰው እንዲያስተረጉምላችሁ ጠይቁ፤ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ሁለተኛ፣ ማታ ማታ በዕለቱ የተማራቸውን ሦስት ቃላት ይንገራችሁ፤ እናንተም በአማርኛ መልሱለት። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች መሆናቸውን ያያል፤ ቤት «ባይት»፣ ስም «ሼም»፣ ልብ «ሌቭ»፣ ሰማይ «ሻማይም»፣ ዓይንም ያው «ዓይን» ነው። ሦስተኛ፣ ዕብራይስጥ ይልመድ ብላችሁ አማርኛን ከቤት አታስወጡ። ነገሩን በአማርኛ አጥርቶ የሚያውቅ ልጅ የሚጎድለው አዲሱ ስሙ ብቻ ነው። አማርኛውን ከጣለ ግን ነገ ምክራችሁን በምን ቋንቋ ትነግሩታላችሁ? እርሱስ ያስጨነቀውን በምን ቋንቋ ይነግራችኋል?

ሰሌዳው ሥዕሉንና ድምፁን ይሰጣል። ልጁን አስቀምጦ «እስቲ ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ወላጅ ነው። ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ሰላም ሁኑ።