ውኃ መከላከያ ቅብና እርጥብ ግድግዳ፦ ከመቀባት በፊት ሊታወቁ የሚገቡ ጉዳዮች

ክረምቱ ሲወጣ በገጠርም በከተማም የብዙ ቤቶች ግድግዳ ከታች ይጠቁራል፤ ቀለሙ ይላጣል፤ ልስኑም ያብጣል። በዚህ ጊዜ ውኃ መከላከያ ተብሎ የሚሸጠው ቅብ ፈላጊው ይበዛል። ቅቡ የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ግድግዳ አለ፤ ልዩነቱን የሚወስነው ከልስኑ ሥር ያለው ነገር ነው።

ብሎኬት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ስንጥቁ ተደፍኖና በሚገባ ደርቆ ከተቀባ፣ ቅቡ ከውጭ የሚመታውን ዝናብ ይከላከልለታል። በልስኑ ላይ ነጭ የጨው ብናኝ ከታየ ግን ውኃ አሁንም በውስጡ እየተመላለሰ ነውና መቀባቱ ይቆይ። ብናኙ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ አይታጠብም።

የጭቃ ቤት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭድ ጭቃ የተመረገ ግድግዳ የጠጣውን እርጥበት በፀሐይና በነፋስ መልሶ ያስወጣል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰን ወይም ፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ ይህ መውጫ ይዘጋል። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስምና ይሰነጠቃል። ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ በዚያው ይቀራል። ከውጭ ያማረ ቤት ከውስጥ ቋሚው በስብሶ፣ ምስጥ ገብቶበት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱ የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ ልስኑ ተገንጥሎ ሲወድቅ ወይም ግድግዳው ሲያዘነብል ነው።

ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው የጭድ ጭቃ ምርጊት ወይም የኖራ ልስን ነው። የጎንደር ፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገንባት ሲጀምሩ ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገባቸው ጥገናም ከጊዜ በኋላ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ለልስን 1 እጅ የተዘጋጀ ኖራ ከ3 እጅ አሸዋ ጋር ይደባለቃል። ውኃ ያልነካው ኖራ ሲዘጋጅ ኖራው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በኖራው ላይ አይገለበጥም፤ ፈልቶ ይፈናጠራል፤ ዓይንንም ያጠፋል። ሕፃናት ከአካባቢው ይራቁ።

የትኛውም ቅብ ከመሬት የሚወጣውን ውኃ አያስቆምም። እርጥበቱ ከመሬት እስከ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ከሆነ ምንጩ ከሥር ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከወረደ ግን ጣሪያውና አሸንዳው ይፈተሹ። ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈርና ፍግ ማንሳት፣ የጎርፍ ቦይ ማውጣትና የቆርቆሮውን ክፈፍ ማስረዘም ከቅቡ ይቀድማሉ። አብዛኛው አካፋና ጉልበት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የሚዘነጋውም ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ልስኑ ዝናቡ ካቆመና ግድግዳው ለሳምንታት ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ቢሠራ ይመረጣል።