ከጠገራ ብር እስከ ቆርኪ

በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ለሴቶች የራስ ጌጥ የተሰጠው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው። ዙፋንና ጦርነት ገጹን ሲሞሉት፣ ወለባውና የፀጉር ጌጡ ለጉዳዩ እንደማይፈለግ ነገር እየታለፉ ኖረዋል። ይሁንና አንድ ኅብረተሰብ ከማን ጋር እንደ ተገበያየ፣ ከግብይቱም ምን እንደ ተረፈውና የተረፈውን በምን ብልሃት ለውበት እንዳዋለው ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ፣ ዐይኑን ወደ ሴቶች ፀጉር ቢመልስ ባዶ እጁን አይቀርም።

የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም፣ መልኳንና ያንኑ ዓመት የተሸከመው ብር መታተሙን አላቆመም። ብሩ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሲጎርፍ ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የሚሉ ስሞች አገኘ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነበር። ነጋዴው ግን ክብደቱን ብቻ አምኖ አይቀበልም፤ በንግሥቲቱ ፀጉር ላይ ያለውን አክሊልና በትከሻዋ ላይ ያለውን የልብስ መያዣ ዕንቁዎች አተኩሮ ይመረምራል። ዕንቁዎቹ ተፍቀው የማይለዩበት ብር ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የገንዘብ ዋጋ በአንዲት ባዕድ ሴት የራስ ጌጥ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረበት እንዲህ ያለ ገበያ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

ገበያ የናቀው ብር ግን ብርነቱን አላጣም። አንጥረኛው በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ጨምሮ በወናፍ ያነደዋል፤ የቀለጠውን በመዶሻ ይቀጠቅጣል፤ እንደ ክር እስኪቀጥን ስቦ ይጠመዝዘዋል፤ ከፍርፋሪው ትንንሽ እንክብሎች አድርጎ በጌጡ ራስ ላይ ይበይዳል። ከመዳፍ የማይበልጥ ዘንግ አናቱ ላይ የአበባ ወይም የጉልላት ቅርፅ ሲይዝ ወለባ ይሆንና በተሠራ ፀጉር ውስጥ ይሰካል። በዚህ ሥራ የሚባክን ነገር የለም፤ ፍርፋሪው ተለቅሞ ተመልሶ ወደ እሳት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ደግሞ ጠገራው ራሱ ቀስ በቀስ ከመገበያያነት ወጥቶ ከእሳት የተረፈው በየሣጥኑ ቀረ።

ወለባውን በእልልታ የተቀበለው ኅብረተሰብ ሠሪውን ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያለ ይሸሸው እንደ ነበር ሳያወሱ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ስድቡን እንዲያቆም አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር በመስደዱ ነው። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢያርቀውም ከልብ ማውጣት ቀላል አልነበረም። እነሆ ዛሬ በየቤተ መዘክሩ ከሚታዩት ወለባዎች አብዛኞቹ የሠሪያቸውን ስም አልያዙም።

ይኸው ተረፈ ነገርን ወደ ጌጥ የመለወጥ ብልሃት አንጥረኛና እሳት በሌለበትም ይገኛል። ከደጋው ርቆ በደቡብ ኦሞ፣ ኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ ከሚገባበት አጠገብ፣ የዳሰነች ሴቶች ራሳቸውን በቆርኪ ያስጌጣሉ። ቆርኪን ዊልያም ፔይንተር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1892 በፈጠራ መብት ሲያስመዘግበው ከጠርሙስ አፍ በቀር ሌላ ሥራ አላሰበለትም ነበር። ቢራና ለስላሳው ኦሞራቴን ወደ መሰሉ ከተሞች ሲደርስ ግን መጠጡ ተጠጥቶ ቆርኪው መሬት ላይ ቀረ። ሴቶቹ ለቅመው ይበሱታል፤ በክር እየሰኩ በዘርፍ በዘርፍ ይደረድሩታል፤ ጌጡ እንደ ጎፈሬ ግንባርና ጆሮ ሸፍኖ ይወርዳል። በእርምጃ ጊዜም ይንሿሿል። የቀለሙ አቀማመጥ በዘፈቀደ አይደለም፤ ቀዩ ከቀዩ፣ ቢጫው ከቢጫው ጋር ተራ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የእነዚህ ሴቶች ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ሲሰራጭ አንድ ክርክር አብሮ ተነሣ። ቆርኪው ጥንታዊ ባህል ስላልሆነ፣ ፎቶ ለማንሣት ገንዘብ የሚከፍለውን ጎብኚ ለመሳብ የተፈጠረ ማታለያ ነው የሚሉ አሉ። ገንዘቡ ጌጡን እንዳገዘፈው አይካድም፤ ብር የሚያስገኝ ጌጥ ሁሉ ይገዝፋል። ነገር ግን ማርትሬዛም ባዕድ ነበረች፤ እርሷን የተሸከመው ብር ቀልጦ ወለባ በሆነ ጊዜ ባህላችን ረከሰ ያለ አልተሰማም። ብር ሲሆን ቅርስ፣ ቆርኪ ሲሆን ማታለያ የሚያሰኘው የማዕድኑ ዋጋ እንጂ የእጁ ጥበብ አይደለም። ፎቶግራፉ ላይ የሚታተመው የአንሺው ስም እንጂ የሠሪዋ አለመሆኑም ከአንጥረኛው ዕጣ ብዙ የራቀ አይደለም።

ሴቶቹ በበኩላቸው ሥራቸውን ቀጥለዋል። በቆርኪው መካከል የተበጠሰ የእጅ ሰዓት ማሰሪያ ይገባል፤ አገልግሎቱን የጨረሰ የስልክ ሲም ካርድ ይንጠለጠላል። አንዳንዴም ፋብሪካ ለፀጉር ብሎ የሠራው የፕላስቲክ መቆንጠጫ ከእነዚሁ ጋር እንደ ማንኛውም ተረፈ ዕቃ ተበስቶ ይሰካል።