ባትሪው ሲሞላ የፀሐይ ኃይል ወዴት ይሄዳል?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት የካርቱም የኤሌክትሪክ መስመሮች ክፉኛ ከተጎዱ ወዲህ በርካታ ነዋሪዎች ለመብራትና ለውኃ መሳቢያ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ኃይል አዙረዋል። ከአሠራሮቹ በአንደኛው፣ የፓነሉ ኃይል በኢንቨርተር ወዲያው ወደ ተለዋዋጭ ፍሰት ወይም ኤሲ ተለውጦ ወደ ቤቱ መስመር ይገባል፤ ባትሪው ከዚያው መስመር ጋር የሚገናኘው በሌላ ኢንቨርተር ነው።

ፈተናው ባትሪው ሲሞላ ይመጣል። የከተማው መስመር በሥራ ላይ ካለ ትርፉ ወደዚያ ሊፈስ ይችላል፤ ከተቋረጠ ግን መሄጃ የለውም። ስለዚህ የባትሪው ኢንቨርተር የመስመሩን ድግግሞሽ ከመደበኛው 50 ኸርዝ ከፍ ያደርጋል፤ የፀሐዩ ኢንቨርተርም ይህን እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ ምርቱን ይቀንሳል። በአንዳንድ መሣሪያዎች ቅነሳው በ51 ኸርዝ ጀምሮ በ52 ዜሮ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል የተለየ የመልእክት ሽቦ መዘርጋት አያስፈልግም፤ የአሠራሩም ብልሃት ይኸው ነው። ምርቱን በደረጃ መቀነስ የማይችል ኢንቨርተር ግን በድንገት ይቋረጣል።

በካርቱም ሌላው ባለጋራ ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ የሚያልፈው ሙቀት ነው። ሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞቅ የመሙያው ቮልቴጅ ዝቅ ሊል ይገባል። በመሆኑም የሙቀት መለኪያው የሚገጠመው ከባትሪው አካል ላይ እንጂ ከግድግዳ ላይ አይደለም።