በእጅ የተነገረ መብት

የመንግሥታት ማኅበር በ1917 ዓ.ም. መጀመሪያ ጄኔቭ ላይ የልጆችን መብት መግለጫ ሲያጸድቅ፣ አገራችን ማኅበሩን ከተቀላቀለች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። መግለጫው የተራበ ልጅ እንዲበላ፣ የታመመው እንዲታከም፣ ወላጅ ያጣው መጠጊያ እንዲያገኝ ያዝዛል፤ ልጁ ራሱ ምን ይላል ብሎ ግን አይጠይቅም። በእኛም ቤት ልጅ ይበላል፣ ይመረቃል፣ ይቀጣል እንጂ ሐሳቡን አይጠየቅም ነበር። መስማት ከተሳነው ደግሞ ብዙ ቤተሰብ እንደ እርግማን ቆጥሮ ከእንግዳ ዓይን ይሸሽገዋል።

ሕጉም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ራሳቸውን መምራት የማይችሉ መስማትና መናገር የተሳናቸው ሰዎች ለአእምሮ ሕሙማን የተደነገገውን ጥበቃ እንዲጠይቁ ፈቀደ። አሳቡ ቅን ነው። ቋንቋ ላጣ ሰው ጠባቂ አሰበ፤ ቋንቋውን ግን አላሰበም።

ቋንቋውን ያሰቡት ሌሎች ናቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን መካኒሳ ላይ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በሚሲዮናውያን በኩል የገባው የአሜሪካ ምልክት ልጆች ከየቤታቸው ካመጡት ጋር ተዋሐደ። ኋላም ፊደላችን በእጅ ተቀመረ፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ሲያሳይ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ቤቶች በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ከቆሎ ተማሪ የፊደል ቆጠራ የወረስነው ሥርዓት በእነዚህ ልጆች እጅ አዲስ ሕይወት ማግኘቱ ከቅርሶቻችን መካከል ሊቆጠር ይገባል እላለሁ።

ዓለም አቀፉ ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኅዳር 1982 የጸደቀው የልጆች መብት ስምምነት በአንቀጽ 12 የልጅ ሐሳብ እንዲደመጥ ደነገገ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ነበር፤ ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው። በዚያ ግርግር ማን ልብ ይለዋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የልጆችን መብት አሰፈረ፤ በ2002 ደግሞ የምልክት ቋንቋ ትምህርትን በስሙ የሚጠራው የአካል ጉዳተኞች ስምምነት በአገራችን ጸደቀ። መካኒሳ የጀመረችውን ሕጉ የደረሰበት ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ዛሬም ምንም ቋንቋ ሳይኖረው ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ አለ። የተደፈረች ልጅ ቃሏን ለፖሊስ የምትሰጠው ምልክት የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ነው፤ ካልተገኘ አንቀጽ 12 ለእሷ አልተጻፈም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ምሩቃኑን በየፖሊስ ጣቢያው፣ በየፍርድ ቤቱና በየጤና ጣቢያው በቋሚነት መቅጠር የእኛ ትውልድ የበጀት ውሳኔ ነው።